ከመጻፍ በፊት የጽሑፍ ቢጋር እንዴት ይነደፋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ሀዋሳ ሐይቅ መጣጥፍ ለመጻፍ ተነሣሁ። ቢጋሬ፣ ማለትም የጽሑፉ ንድፍ፣ አራት ቃል ነበር፦ ታሪክ፣ ቱሪዝም፣ ዓሣ፣ ብክለት። ሦስት ሳምንት ደክሜ 11 ገጽ ጻፍሁ። አዘጋጁ አንብቦ፣ «የላክህልኝ አራት ጽሑፍ ነው፤ የትኛውን ላውጣ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያ ድካም ባክኖ እንዳይቀር አሁን የምሠራበትን መንገድ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ርዕሰ ጉዳያችሁን ወደ ጥያቄ ለውጡት። «የሀዋሳ ሐይቅ» ማለት ማለቂያ የለውም። «ወደ ሀዋሳ ሐይቅ የገባ ቆሻሻ ወዴት ይሄዳል?» ብትሉ ግን የት እንደምታቆሙ ታውቃላችሁ። ቀጥሎ የምታውቁትን ሁሉ ያለ ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ አፍስሱ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከዚህ በኋላ ነው። እያንዳንዱ የቢጋር መስመር ማሰሪያ አንቀጽ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚቋጭ ግስ፣ ይኑረው። አማርኛ ሐሳቡን የሚቋጨው መጨረሻ ላይ በሚመጣው ግስ ነው፤ «የሐይቁ ብክለት» ብሎ የተወ ሰው ስለ ብክለቱ ምን እንደሚል ገና አልወሰነም። እኔም አልወሰንሁም ነበር፤ 11 ገጽ የፈጀብኝ እርሱ ነው። ሁለተኛው ቢጋሬ እንዲህ ሆነ፦

ዓመቱን ሙሉ የሚፈስስ ሆኖ ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ «ጥቁር ውኃ» የሚባለው ነው።
ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም።
ውኃው በአብዛኛው የሚቀንሰው በትነት ነው።
ከውኃው ጋር የማይተነው ነገር እዚያው ይቀራል።

አሁን መስመሮቹን ጮክ ብላችሁ አንብቡና በመካከላቸው «ስለዚህ»፣ «ሆኖም» ወይም «ምክንያቱም» አስገቡ። ከ«በተጨማሪም» በቀር ሌላ የማይቀበል መስመር ካገኛችሁ ቦታው ሌላ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ይህ ያማል። ፊቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ መስፈሩን ላነሣ በጣም ፈልጌ ነበር፤ በዓሉን እወደዋለሁ፣ የሚከበረውም ሐይቁ አጠገብ ነው። ግን ለጥያቄዬ የሚመልሰው ነገር ስላልነበረ አወጣሁት። እንዲህ ያለውን አትጣሉት፤ ከደብተራችሁ ጀርባ አኑሩት፣ አንድ ቀን የራሱ ጥያቄ ይመጣለታል።

ይህን ሁሉ በስልክ አትሥሩ። ስልክ የሰረዛችሁትን ያጠፋዋል፤ ወረቀት ግን ለምን እንደሰረዛችሁት ያስታውሳችኋል። እኔ እያንዳንዱን መስመር በተቆረጠ ወረቀት ላይ እጽፍና ጠረጴዛ ላይ አዘዋውራለሁ። ኮምፒውተሩ የሚከፈተው ቅደም ተከተሉ ሲረጋ ነው።

ከዚያ የጎደለውን ፍለጋ ውጡ። ያለ ቢጋር ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄጄ ዓሣ አስጋሪዎችን ስለ ሁሉም ነገር ስጠይቅ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ይዤ ተመልሼ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ የያዝሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «መረባችሁ ከዓሣ ሌላ ምን ይዞ ይወጣል?» ልጆች ቆሮሶ ዓሣ እየገፈፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀቱን እየጠበቁ፣ አንድ አስጋሪ ምንም ሳይናገር መረቡን ሳብ አደረገና ጭቃ የቋጠረ ፌስታል አውጥቶ እጄ ላይ አኖረልኝ።

መግቢያውን በመጨረሻ ጻፉት። የእኔ ጽሑፍ የሚጀምረው በዚያ ፌስታል ነው፤ ቢጋሩ ላይ ግን ፌስታሉ የተጻፈው ከአራተኛው መስመር ሥር ነበር።