ምላስና ትርታ፦ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ሕመምን እንዴት ይለያል
የሚፈለገው የበሽታው ስም ሳይሆን የምልክቶቹ ዝምድና ነው፤ ብርድ ወይስ ሙቀት? ጉድለት (የሰውነት አቅም ማነስ) ወይስ ትርፍ (የሕመሙ መበርታት)? ገርጣ ያለ ምላስ፣ ነጭ ሽፋንና ዘገምተኛ ትርታ ብርድ ይባላል፤ ቀይ ምላስ፣ ቢጫ ሽፋንና ፈጣን ትርታ ሙቀት።

ምላስ በቀን ብርሃን ይታያል፤ ከ20 ሰከንድ በላይ ወጥቶ ከቆየ ቀለሙ ይለወጣል። ደሴ ላይ ዋናው አሳሳች ቡና ነው፦ ከአቦል በኋላ የሚታየው ቡናማ ሽፋን የሕመም አይደለም። በርበሬም ያቀላል። ስለዚህ ጠዋት፣ እህል ሳይቀመስ።

ትርታው በአውራ ጣት በኩል፣ አንጓው ላይ በሦስት ጣት ይዳሰሳል፤ መሃል ጣት አጥንቱ ጉብ ካለበት አጠገብ ቀድሞ ያርፋል። በመርማሪው አንድ ሙሉ ትንፋሽ 4 ወይም 5 ምት ልከኛ ነው፤ 3 ዘገምተኛ፣ 6 ፈጣን። ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው መጀመሪያ ይረፍ።

ከባቲ ወይም ከከሚሴ መጥቶ የሚያንቀጠቅጠውና የሚያተኩሰው ግን ምላሱ ይቆይ፤ የወባ ደም ምርመራ ይቅደም።