ከአስመራ እስከ ምጽዋ በብስክሌት፦ ቁልቁለቱን በአንድ ቀን እንዴት እንውረደው?

መንገዱ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስመራ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ምጽዋ ባሕሩ ጫፍ ላይ። ይህን የሰማ ሁሉ «ቁልቁለት ከሆነማ ምን ችግር አለው? ቁጭ ብሎ መውረድ ነው» ይላል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር የተነሳሁት። ቁልቁለት ግን የራሱ ሥራ አለው። ሥራው ያለው ፍሬን ላይ ነው።

ወሩን ምረጡ

ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ። በክረምት ምጽዋ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በዚያ ፀሐይ ብስክሌት መንዳት አይታሰብም። በበጋው ወራት ደግሞ ተዳፋቱ የራሱ ዝናብና ጉም አለው፤ ስለዚህ ከኋላ ቀይ መብራት ይኑራችሁ። የውጭ ዜጋ ከአስመራ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቀደም ብላችሁ አውጡት፤ ወረቀቱም ከኪሳችሁ አይለይ።

ብስክሌቱን በዋዜማው አስፈትሹ

አስመራ የብስክሌት ከተማ ናት። በ2024 እ.ኤ.አ. በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር በነጥብ አንደኛ የሆነው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደው ቢንያም ግርማይ የዚህች ከተማ ልጅ ነው። ጥሩ ጠጋኝ ፍለጋ ብዙ አትደክሙም። ከሁሉ በፊት የፍሬኑን ላስቲክ አስቀይሩ። «ይሄ ለአንድ ጉዞ ይበቃል» የሚላችሁን አትስሙ። ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያና ትንሽ መንፊያ ያዙ። ውድ ብስክሌት የግድ አይደለም። እኔ ከቀጭን የውድድር ጎማ ወፈር ያለውን እመርጣለሁ፤ አስፋልቱን ቆንጥጦ ይይዛል።

ሲነጋጋ ውጡ

ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጃኬት ብቻውን አይበቃም፤ ደረታችሁ ላይ ከሸሚዙ ሥር አንድ ጋዜጣ አንጥፉ። ንፋሱን ያቆመዋል፣ ሲሞቃችሁም አውጥታችሁ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው። የድሮ ብስክሌተኞች ዘዴ ነው፤ ከብዙ ውድ ልብስ ይሻላል።

ፍሬን አያያዝ

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ከከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ደጋው በአንዴ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጥምዝ በጥምዝ ላይ ነው። በጥር 2011 ዓ.ም በተከራየሁት ብስክሌት ስወርድ ፈራሁና ፍሬኑን ጨምድጄ ያዝኩት። አርበሮባን አልፌ እስከ ነፋሲት ድረስ አንዴም አለቀቅኩትም። እጄ ደነዘዘ። የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኛል፤ «ከየት ነው?» እያልኩ ቀጠልኩ። ከነፋሲት ትንሽ ዝቅ እንዳልኩ የፊቱ ጎማ እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳ። መሪው ከእጄ ወጣ፣ በክርኔ አስፋልቱ ላይ ተንሸራተትኩ። ደግነቱ ከኋላዬ መኪና አልነበረም። ተነስቼ ቸርኬውን ስነካው ጣቴን አቃጠለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላስቲኩ ቸርኬውን ያለማቋረጥ ሲፈትገው ሙቀቱ የሚወጣበት ጊዜ አያገኝም። ቸርኬው ይግላል፣ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጣል፣ ከመነዳሪው አይችለውም።

ስለዚህ ፍሬን አጠር አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉ፣ ከዚያ ልቀቁት። ንፋሱ ያቀዝቅዘው። ፍጥነት የምትቀንሱት ከጥምዙ በፊት፣ መንገዱ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ጥምዙ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ የፊቱን ፍሬን ድንገት አትያዙ፤ ጎማው ይከዳችኋል። ወደ ግራ ስትታጠፉ የቀኝ እግራችሁ ፔዳል ታች ይሁን፣ ክብደታችሁንም እሱ ላይ ጣሉ፤ ወደ ቀኝ ሲሆን በግራው። ዓይናችሁ ገደሉ ላይ ሳይሆን መውጫው ላይ ይሁን። ብስክሌት ዓይን ወዳየበት ነው የሚሄደው።

መንገዱ እርጥብ ከሆነ ፍሬኑ መጀመሪያ ሲያዝ ሥራው ውኃውን ከቸርኬው መጥረግ ብቻ ነው፤ ፍሬኑ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን አስባችሁ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

በየ10 ኪሎ ሜትሩ ቁሙ። ነፋሲት ላይ ቁጭ ብላችሁ ጣቶቻችሁን አፍታቱ፤ ከበላያችሁ ተራራው ጫፍ ላይ ደብረ ቢዘን ገዳም አለ። ዝንጀሮ መንገድ ላይ ካያችሁ ምግብ አታውጡ።

ከጊንዳዕ በታች

ጊንዳዕ ስትደርሱ ከከፍታው ከግማሽ በላይ አልቋል። ቁርስ ብሉ፣ ጃኬቱን አውልቁ፣ ውኃ ሙሉ። ቢያንስ 3 ሊትር ይኑራችሁ። «አለቀ» ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ወደ ታች ትንንሽ ዳገቶች አሉ፤ ሜዳው ላይም ፀሐዩ በረታ ሲል ከባሕር የሚነሳው ንፋስ ፊት ለፊት ይመታችኋል። እኩለ ቀን ሳይሆን ለመድረስ ሞክሩ።

ምጽዋ ሊደርስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ዶጋሊን ታገኛላችሁ። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም 500 ገደማ የሚሆን የጣሊያን ጦር የደመሰሱበት ቦታ ነው። እኔ ድልድዩ ጋ ወርጄ ቆምኩ። ያ ጦር በዚህ ሐሩር በእግሩ መጓዙን ሳስብ የያዝኩትን ውኃ ደግሜ ጠጣሁ።

ምጽዋ ላይ የጥዋለትን ደሴት ተሻግራችሁ ቀጣይዋ ደሴት ድረስ ዝለቁ። ዓሣው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ በሸክላ ምድጃ ይጋገራል፤ ከትኩስ ቂጣ ጋር ይቀርባል።

ለመልሱ ዳገቱን አትሞክሩት። በማግስቱ በአውቶቡስ ተመለሱ። ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ሲጫን ራሳችሁ ቆማችሁ እዩ፤ የማርሹ ጎን ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ።