መኪናው ለምን ይገለበጣል? በምንጣፍ ላይ ውድድር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአውሮፓ ክረምት ሲባል ዝናብ ሳይሆን ውርጭ ነው። አስፋልቱ ሲቀዘቅዝና ሲረጥብ የሪሞት መኪና እሽቅድምድም ወደ አዳራሽ ይገባል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ በጥቅልል በጥቅልል ይዘረጋል፣ መሮጫው በዝቅተኛ ጠርዝ ይከለላል፣ የእውነተኛ መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህሉ፣ አራቱም ጎማቸው የሚገፋ የኤሌክትሪክ መኪናዎች አምስት አምስት ደቂቃ ይሽቀዳደማሉ። እኔ በምኖርበት የጀርመን ከተማ እንዲህ ያለ አዳራሽ መጀመሪያ የገባሁ ቀን መኪናዬ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ በጣሪያዋ ተኛች። አነሣኋት። በቀጣዩ ዙር እዚያው ቦታ ላይ ደግማ ተኛች። በጋውን አስፋልት ላይ ስነዳት ማንም ያላማት መኪና ናት።

ያን ቀን ያደረግሁት ነገር ዛሬም ያስቀኛል፤ ጎማው አልይዝ ብሎ መስሎኝ ሞላዎቹን በለስላሳ ቀየርኳቸው። ባሰባት። ምንጣፍ ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጎማው ይይዝና አይለቅም። በፍጥነት የሚታጠፍ መኪና መንሸራተት ከተከለከለ የሚቀረው መገልበጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለመረዳት የሚመጡ ናቸው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም እኔው ሠርቻቸዋለሁ።

የሻምፒዮኑን ወረቀት እንዳለ መቅዳት

እንደ ዩሮ ቱሪንግ ሲሪስ ያሉ ትልልቅ ውድድሮች ሲያልፉ የፋብሪካ ነጂዎች የመኪናቸውን ልክ (የትኛው ሞላ፣ የትኛው ዘይት፣ ስንት ከፍታ እያሉ) የሞሉበት ወረቀት ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ቀድቶ መሥራት የሚያጓጓ ነገር ነው። ነገር ግን ያ ወረቀት የተጻፈው ለዚያ ምንጣፍ፣ ለዚያ ውድድር ጎማ እና ለዚያ ሰው ጣት ነው። ሻምፒዮኑ መኪናው መሪ ሲነካ ወዲያው እንዲታጠፍ አድርጎ ይሠራዋል፣ ምክንያቱም ጣቱ ያን ያህል ስስ ነው። የእኛ ጣት ያን መኪና በሁለተኛው ዙር ጠርዝ ላይ ይለጥፈዋል። አምራቹ በመመሪያው ላይ ለምንጣፍ ብሎ ከሚሰጠው ልክ ይነሡ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አምስት ደቂቃውን በጎማው ቆሞ ይጨርሳል።

በጠማማ መኪና ላይ ሞላ መቀያየር

ይህኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ሸጋ ነው፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ግን ኋላው ይወጣል። ባለቤቱ ሞላ ይቀይራል፣ ዘይት ይቀይራል፣ አዲስ ጎማ ይገዛል። ጉዳዩ ግን ባለፈው ሳምንት ጠርዝ ሲገጭ ሻንሲው፣ ማለትም ሁሉም ነገር የሚታሰርበት የመኪናው ወለል፣ ትንሽ ተጠምዝዞ መቅረቱ ነው። ላዩ ላይ የታሰረው ሳህን ያን ጥምዝ እንዳለ አጥብቆ ይዞታል። አስፋልት ይህን ዓይነቱን ጉድለት ይታገሣል፤ ጎማውን አጥብቆ የሚይዝ ምንጣፍ ግን ገበናን አይሸፍንም።

ስለዚህ ከማንኛውም ማስተካከያ በፊት አንድ ወፍራም መስታወት ጠረጴዛ ላይ ያኑሩ። ግራና ቀኙን የሚያያይዙትን ቀጫጭን የስታብላይዘር ሽቦዎች ከፊትም ከኋላም ይፍቱ። የላይኛውን ሳህን ብሎኖች አላልተው ሻንሲውን መስታወቱ ላይ ጫን ያድርጉና ብሎኖቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል መልሰው ያጥብቁ። ከዚያ ወደ ሾክ አብዞርበሮቹ ይሂዱ። የአንድ ጥንድ ግራና ቀኝ ርዝመት በካሊፐር ተለክቶ እኩል መሆን አለበት፤ ውስጣቸው የአየር አረፋ ቢቀር አንዱ ከሌላው ቀድሞ ይመለሳልና ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። መኪናው ከመሬት ሲነሣ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ልክም እንዲሁ ግራና ቀኙ አንድ ይሁን።

ክብደቱም አለ። ባትሪው በአንድ ወገን፣ ሞተሩ በሌላው ወገን ስለሚቀመጥ ሁለቱ ጎኖች በራሳቸው እኩል አይሆኑም። ቀለል ባለው ጎን የእርሳስ (የከባዱ ብረት) ቁራጭ እየለጠፉ ልዩነቱን ከ10 ግራም በታች ያውርዱት። በመጨረሻ የቢላዋ ጫፍ በሻንሲው ፊት፣ ልክ መሐሉ ላይ አስገብተው ቀስ ብለው ያንሡ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ከመስታወቱ መልቀቅ አለባቸው። አንዱ ከቀደመ ዓይን ወደ ፊቱ ሞላ ይሄዳል፤ ነገር ግን ፊቱ ሲነሣ መኪናው የቆመው በኋላ ጎማዎቹ ላይ ነውና መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት የኋላው ሞላ ነው። እኔ ይህን ለመረዳት አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቶብኛል። ስታብላይዘሮቹን ሲመልሱም ሽቦው ሳይወጠር መግባቱን ያረጋግጡ፤ ተወጥሮ ከገባ ያቀኑትን መኪና መልሶ ያጣምመዋል።

የአስፋልቱን አቋም ይዞ ምንጣፍ ላይ መውጣት

አስፋልት ላይ መኪናው ትንሽ ጋደል እንዲል እንፈልጋለን፤ ክብደቱ ወደ ውጭኛው ጎማ ሲሄድ ጎማው መሬቱን ይነክሳል። ምንጣፍ ላይ ንክሻው ያለ ማንም እርዳታ ስላለ መጋደሉ ለጉዳት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጠጠር ያለ ሞላ፣ ወፈር ያለ ዘይት፣ ወፈር ያለ ስታብላይዘር ይደረጋል፤ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ልክም ይቀነሳል። ከሻንሲው ሆድ እስከ መሬት ያለው ከፍታ ከ5 እስከ 5.5 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ካምበር፣ ማለትም የጎማው አናት ወደ ውስጥ የሚያዘነብልበት ማዕዘን፣ ከ1.5 እስከ 2 ዲግሪ፤ የኋላ ጎማዎች አፍንጫ ወደ ውስጥ ከ2.5 እስከ 3 ዲግሪ። ለሾክ አብዞርበር የውፍረት ቁጥሩ 400 አካባቢ የሆነ የሲሊኮን ዘይት ይዞ መጀመር አያሳፍርም።

የመኪናው ክብደት የት ከፍታ ላይ እንዳለም ይታሰብበት። ብዙ ተወዳዳሪዎች ምንጣፍ ላይ የካርቦን ሻንሲውን አውጥተው አሉሚኒየም የሚያስገቡት ለጌጥ አይደለም፤ ከባዱ ነገር ወለሉ ላይ ሲተኛ መኪናው ለመገልበጥ ይቸገራል። የላይኛውን ልባስ (ቦዲውን) በሁለት ሚሊሜትር ዝቅ ማድረግ ደግሞ በነጻ የሚገኝ ነው። ጎማ እስካልነካ ድረስ ዝቅ ያድርጉት። ገመድና ተቀባይ መሣሪያም ከላይ ከሚንጠለጠሉ ወለሉ ላይ ይለጠፉ።

የፊቱ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ክፍል፣ በአብዛኛው የተቆለፈ ነው፤ እሱን ተዉት። የኋላው ግን በውስጡ ያለው ዘይት ከቀጠነ መኪናው ከመታጠፊያ ሲወጣ ውስጠኛው ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል፣ ከወፈረ ደግሞ አልታጠፍ ይላል። የውፍረት ቁጥሩ 5,000 የሆነ ዘይት አስገብቶ ከዚያ ወዲያና ወዲህ ማለት ይበቃል።

ጎማውን በቅባት ማጥለቅለቅ

የጎማ ማለስለሻ ቅባት ምንጣፍ ላይ የተለመደ ነው። ብዙ አዳራሾች ሽታ የሌለውን ብቻ ይፈቅዳሉ፤ ደንቡን አስቀድመው ይጠይቁ። ስህተቱ የፊቱንም የኋላውንም ጎማ ሙሉ በሙሉ መቀባት ነው። እንዲህ ሲደረግ የመጀመሪያው ደቂቃ በሙሉ ፊቱ ከልክ በላይ ይነክሳል፣ መኪናውም መሪ በነኩ ቁጥር ሊገለበጥ ይደርሳል። ከኋላ ሙሉውን፣ ከፊት ግን የውስጠኛውን ግማሽ ብቻ ቀብተው ሃያ ደቂቃ ያህል ያቆዩትና በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት።

ያም ሆኖ መገልበጡ ካልቆመ ሱፐር ግሉ ይሠራል። ቀልድ አይደለም። መኪናው ሲጋደል የፊት ጎማው ውጫዊ ጎን ምንጣፉን ይነካል፤ የሚገለብጠውም ያ ጎን ሲነክስ ነው። በዚያ ጎን ላይ ስስ አድርገው ሱፐር ግሉ ቀብተው ያድርቁት፣ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ያለስልሱት፣ አንዴ ይድገሙት። ጎኑ ይደርቃል፣ ይሙለጨለጫል፣ መኪናውም ከመገልበጥ ይልቅ መንሸራተትን ይመርጣል። መስኮት ከፍተው ይሥሩት፤ ትነቱ ዓይን ያቃጥላል። ወደሚረግጠው ገጽ እንዳይፈስም ይጠንቀቁ፤ እኔ አንዴ አፍስሼ አንድ ጥንድ አዲስ ጎማ ጥያለሁ።

መሪውን እስከ ጥግ መክፈት

መሪው በጣም ሲዞር መኪናው በደንብ የሚታጠፍ ይመስለናል። የፊት ጎማው ከሚገባው በላይ ከዞረ ግን ምንጣፉን እየፋቀ ፍጥነት ይበላል፤ በተለይ ሁሉም እኩል ኃይል ያለው ሞተር በሚነዳበት የውድድር ምድብ ውስጥ ይህ ኪሳራ የትም አይካካስም። ሪሞቱ ላይ የመሪውን ልክ በትንሽ በትንሹ እየቀነሱ ይሞክሩ፣ ጠባቡን መታጠፊያ በጭንቅ እስኪያልፈው ድረስ። ግራና ቀኝ የሚዞርበት ክብም እኩል ይሁን፤ ወለሉ ላይ ክብ እያዞሩ በሜትር መለካት ነው።

ጥርስን አጥብቆ መግጠም፣ ሙቀትን አለመለካት

ሞተሩ ላይ ያለው ትንሹ ጥርስ (ጊር) ከትልቁ ጋር ሲገጥም በመካከላቸው ቀጭን ወረቀት አሳልፈው ያጥብቁና ወረቀቱን ያውጡት፤ የሚቀረው ክፍተት ልኩ ነው። ስንት ጥርስ ልጠቀም ለሚለው ሒሳቡ ቀላል ነው። ትልቁ 100፣ ትንሹ 50 ጥርስ ቢኖረው ውጤቱ 2 ነው፤ የመኪናው የውስጥ ማባዣ 1.9 ከሆነ ሞተሩ 3.8 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ከውድድሩ እንደወጡ ሞተሩን በሙቀት መለኪያ ይለኩት። ከ80 ዲግሪ ካለፈ ትንሹን ጥርስ በአንድ ወይም በሁለት ይቀንሱ።

የባትሪውን ነገር ሁሉም ያውቀዋልና አልደጋግመውም፦ ባለ ሁለት ሴል ሊቲየም ባትሪ 8.4 ቮልት ላይ ይቆማል፣ ሰው ሳይጠብቀው ቻርጅ አይደረግም፣ ለሳምንት ከተቀመጠም በየሴሉ 3.8 ቮልት አካባቢ ሆኖ ነው።

ብናኙን መርሳት

ምንጣፍ ይፈታል። ክሩ በጎማ ዘንጎች ላይ እየተጠቀለለ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል፣ መኪናውም ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ባለቤቱ ሞተር አረጀ ብሎ ያማርራል። ወረንጦና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከሣጥኑ አይጥፉ።

ሦስት ነገር በአንዴ መቀየር

ሞላውን ለውጠው፣ ከፍታውን ዝቅ አድርገው፣ ቅባቱንም ቀይረው መኪናው ቢሻሻል የትኛው እንዳሻሻለው አያውቁም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፤ እሱም ደብተር ላይ ተጽፎ። ይህን ሁሉም ይናገረዋል። የማይነገረው ግን ምንጣፉ ራሱ ከጠዋት እስከ ማታ የሚለወጥ መሆኑ ነው። የጎማ ጥቁረትና ቅባት በመሮጫው መስመር ላይ እየተከማቸ ሲሄድ መያዙ ይጨምራል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፊቱ ደንዝዞ አልታጠፍ ያለ መኪና ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ በጣሪያው ይተኛል። ጠዋት ላይ ድንዛዜውን ለማጥፋት የተሯሯጠ ሰው ማታ ፍጻሜው ላይ መኪናውን ከምንጣፍ ሲያነሣ ያመሻል።

ስለዚህ እኔ ጠዋት መኪናዬ ትንሽ ሰነፍ ብትሆን አልነካትም። በየዙሩ መካከል ደብተሬ ላይ ሰዓቱን፣ ፈጣኑን ዙር እና መኪናዋ የት ቦታ ላይ አንድ ወገን ጎማዋን እንዳነሣች እጽፋለሁ። ውስጠኛ ጎማዋን ማንሣት ስትጀምር ቀጥሎ መገልበጥ አለና ከፊት ጎማ ላይ የምቀባውን ቅባት ከግማሽ ወደ ሩብ አወርዳለሁ፤ ካልበቃ ሱፐር ግሉውን ከሣጥኑ አወጣለሁ።