ተኩሱን ዝቅ፣ ሙዚቃውን ከፍ
ድሬዳዋ ውስጥ ቀትር ላይ ያለ ማራገቢያ መጫወት አይታሰብም፤ ጩኸቱ ግን «ማስ ኢፌክት» የተሰኘውን የጠፈር ቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃ ይውጠዋል። እኔ ለዓመታት የሰማሁት ማራገቢያና ተኩስ ብቻ ነበር! አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ምሽት ላይ፣ የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ። በጨዋታው የድምፅ ማስተካከያ የንግግሩንና የተኩሱን መጠን ቀንሰው የጋላክሲውን ካርታ (የጉዞ መዳረሻ የሚመረጥበትን ገጽ) ይክፈቱ፤ ከዚያ ምንም አይንኩ። ጃክ ዎልና ሳም ሁሊክ እ.ኤ.አ. በ2007 ለወጣው የመጀመሪያ ክፍል የሠሩት ሙዚቃ የ1980ዎቹን የሲንተሳይዘር (የኤሌክትሮኒክ ድምፅ መሣሪያ) ቃና የያዘ ነው። መጀመሪያ ከሥር ያለውን ምት ብቻ ይከተሉ፣ ቀጥሎ ከላይ የሚንሳፈፈውን ዜማ። በ2012ቱ ሦስተኛ ክፍል መግቢያ ላይ የሚሰማው የሙዚቃ ደራሲው የክሊንት ማንሴል ፒያኖ ግን ማስተካከያም አያስፈልገው፤ በጨዋታው ውስጥ ከተማው እየነደደ እንኳን ጆሮ ይይዛል።