ጠርዙ ሲያምር ጆንያም ያምራል፦ በቤት የሚሠሩ ርካሽ ጌጦችና ስጦታዎች

ሀዋሳ የሚኖር ሰው እንግዳ አያጣም። ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ሲደርስ ደግሞ ቤታችን ከአዲስ አበባም ከሌላም ቦታ በመጣ ዘመድ ይሞላል። እንግዳው ባዶ እጁን አይመጣም። እኔም ባዶ እጁን ስሸኘው ቅር ይለኛል። ለሁሉም ከሱቅ ልግዛ ብል ደመወዜ አይችለውም። ስለዚህ ስጦታውን እኔና ልጆቼ ቤት ውስጥ እንሠራለን። የራሳችንን ቤት የምናስጌጥበትም ከዚያው ነው።

ብዙ ሰው በእጅ የተሠራ ነገር መስጠት ያሳፍረዋል። «ምን ይሉኛል» ይላል። እኔ ግን እንዲህ ነው የማምነው፦ አንድ ዕቃ ርካሽ የሚመስለው ከጆንያ ስለተሠራ አይደለም። ጠርዙ ስለተተረተረ፣ ሙጫው ወጥቶ ስለደረቀ፣ ክሩ ስለተንዘላዘለ ነው። እናቴ ጥልፍና ዳንቴል ትሠራ ነበር። የሰው ሥራ ሲያሳዩዋት መጀመሪያ ገልብጣ ጀርባውን ታያለች፤ ከዚያ ዳሩን በጣቷ ትዳስሳለች። ፊቱን የምታየው በመጨረሻ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁን ሁሉ ስትሠሩ ከጊዜያችሁ ግማሹን ለጠርዙ ስጡት።

ከእንሰት ቃጫ የድስት ማስቀመጫ

እኛ ሲዳማ ውስጥ ስላለን ቃጫ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። እንሰት ለቆጮ ሲፋቅ ሥጋው ይወርድና ረጃጅም ክሩ ይቀራል። ክሩ ይደርቅና በእስር በእስር ሆኖ ገበያ ይወጣል። ስትገዙ ነጣ ያለውን፣ ስትጎትቱት የማይበጠሰውን ምረጡ። የጠቆረውና የሻገተ ሽታ ያለው ቢረክስም ይቅርባችሁ፤ ሽታው በቀላሉ አይለቅም።

ደረቅ ቃጫ ሲጎነጎን ይሰባበራል፣ እጅም ይፍቃል። ውኃ እርጩበትና በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት። ከዚያ እያንዳንዱ የእርሳስ ግማሽ ውፍረት ያለው ሦስት ዘለላ አውጡ። ጫፋቸውን አንድ ላይ አስራችሁ ከወንበር እግር ጋር አያይዙትና እንደ ሽሩባ ጎንጉኑት። እኛ ቤት ወንበር አያስፈልግም፤ ትንሹ ልጄ ጫፉን ይዞ ይቀመጣል፣ ትልቋ ትጎነጉናለች። ጥብቅ ይበል፤ ግን ስታጥፉት የሚተጣጠፍ ይሁን።

ዘለላው ሊያልቅ ሲል አዲሱን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ደርባችሁ ጨምሩበት። ሦስቱንም ዘለላ አንድ ቦታ ላይ አትቀጥሉ። እዚያ ቦታ ላይ ጉንጉኑ ያብጣል፣ በኋላም ከዚያው ይበጠሳል። አንዱን እዚህ፣ ሌላውን አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ ቀጥሉ። ወርዱ 1 ሴንቲ የሆነ ጉንጉን ከሠራችሁ፣ ከዳር እስከ ዳር 20 ሴንቲ ለሚሆን ማስቀመጫ 3 ሜትር ከ20 ሴንቲ ያህል ይበቃችኋል። ትንሽ ተርፎ ቢቆረጥ ይሻላል።

ጉንጉኑን ሳይደርቅ አትስፉት። ቃጫ ሲደርቅ ይከሳል፤ እርጥቡን ከሰፋችሁት ስፌቱ ይላላል። ጥላ ውስጥ ዘርግታችሁ ሌሊቱን አሳድሩት።

አሁን ወደ ስፌቱ። ትልቅ የጆንያ መርፌና ጠንካራ ክር ያዙ። የጉንጉኑን መነሻ አጥፋችሁ ጠምዝዙትና እንዳይፈታ ሁለት ሦስት ጊዜ ውጉት። ከዚያ ዙሪያውን እያዞራችሁ፣ አንዱን ዙር ከጎኑ ካለው ዙር ጋር በየ1 ሴንቲው ስፉ። መርፌው በጉንጉኑ ጎን ይግባ እንጂ በላይ አይውጣ፤ ክሩ እንዳይታይ። ሥራው ሁልጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይሁን። እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ከሰፋችሁና ክሩን አጥብቃችሁ ከሳባችሁ ዳሩ ወደ ላይ ይነሣል። ጎድጓዳ ሳህን ከፈለጋችሁ ግን ይሄው ዘዴ ነው፦ ታቹን ጠረጴዛ ላይ ሠርታችሁ፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ዙር ከፍ አድርጋችሁ ያለፈው ዙር ላይ ስፉት። ለቁልፍ፣ ለሎሚ፣ ለቆሎ ማስቀመጫ ይሆናል።

መጨረሻው ነው ሥራውን የሚያሳምረው። የቀረው 7 ሴንቲ ያህል ሲሆን ጉንጉኑን ፈታችሁ ከየዘለላው ላይ ቃጫ እየቀነሳችሁ አቅጥኑትና መልሳችሁ ጎንጉኑት። እየሾጠጠ ይሄዳል። ጫፉን ከስር አስገብታችሁ ቀረብ ቀረብ አድርጋችሁ ስፉት። በትክክል ከተሠራ ዙሩ የት እንዳለቀ በዓይን አይለይም። የተንጨፈረረውን ቃጫ በመቀስ ልቀሙት። በሻማ የሚለበልቡ አሉ፤ ቃጫ በአንዴ ስለሚቀጣጠል ልጅ ባለበት ቤት አልመክርም።

ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጨምበላላ ጎረቤቶቻችን ሲጠሩን ይዘን የምንሄደው ይህን ነው። ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራው ምግብ፣ የቡርሳሜው ሸክላ ይቀመጥበታል። የበዓሉን ቀን ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ስለሚያውጁት ቀን ቆጥሮ መሥራት አይመችም። አስቀድማችሁ ሠርታችሁ አስቀምጡ።

ከቡና ጆንያና ካረጀ ነጠላ የረከቦት ምንጣፍ

ከምሠራው ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ነው።

60 ኪሎ ቡና የሚይዘውን የቃጫ ጆንያ ፈልጉ። ማዳበሪያ የምንለው የፕላስቲኩ አይሆንም፤ መተርተሩ ማለቂያ የለውም፣ ብረት ምጣድ ቢነካውም ይቀልጣል። ጆንያውን በስፌቱ ፈታችሁ ውጭ አራግፉት። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ኦሞ ዘፍዝፉ። ሳትጨምቁ ገመድ ላይ አስጡት። ሲታጠብ ትንሽ ስለሚኮማተር ከመቁረጣችሁ በፊት መታጠቡ ግድ ነው። እርጥብነት ሳይለቀው በካውያ ተኩሱት፤ ሽብሽቡ ይጠፋል።

ቀጥ አድርጎ ለመቁረጥ ማስመሪያ አትጠቀሙ። የጆንያ ድርና ማግ ጠማማ ስለሚሆን በማስመሪያ የተቆረጠ ጠማማ ሆኖ ይቀራል። መቁረጥ በምትፈልጉበት ቦታ አንድ ክር ያዙና ቀስ ብላችሁ ከዳር እስከ ዳር መዝዙት። ክሩ የወጣበት ቀጭን መስመር ይታያችኋል። መቀሱ በዚያ ይሂድ። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ኮላን ከእኩል ውኃ ጋር በጥብጣችሁ መስመሩን ግራና ቀኙን በብሩሽ ቀቡት። ሲደርቅ ክሩ ተያይዞ ስለሚቀር አይተረተርም። ለረከቦት 50 በ80 ሴንቲ ጥሩ ልክ ነው። ለእጥፋት ደግሞ በየጎኑ 3 ሴንቲ ተዉ።

ሁለቱን ረጃጅም ጎኖች ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ስፉ። በሁለቱ አጫጭር ጫፎች ላይ የነጠላ ጥለት ይገባል። ነጠላ ሲያረጅ መሃሉ ይሳሳል፣ ይቀደዳል፤ ጥለቱ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው። እኛ ቤት ያረጀ ነጠላ ጥለቱ ሳይቆረጥ ለወለል መወልወያ አይውልም። ጥለቱን ስትቆርጡ ከላይም ከታችም 2 ሴንቲ ነጭ ጨርቅ አስቀሩ። መጀመሪያ ግን ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ፈትኑ፦ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ አድርጋችሁ በካውያ ጫን በሉት። ነጩ ላይ ቀለም ከታየ ያ ጥለት ለዚህ አይሆንም።

ነጩን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ተኩሱት፣ ጆንያው ጫፍ ላይ በስፒል ያዙት፣ ከጥለቱ ቀለም ጋር በሚመሳሰል ክር በትናንሽ ስፌት ስፉ። የሲንጀር መኪና ካላችሁ ፈጣን ነው፤ እኔ ግን በእጅ የተሰፋውን እመርጣለሁ። ማዕዘኖቹ ላይ ጨርቁ ሲወፍር መቀስ ይዛችሁ ውስጥ ያለውን ትርፍ ቁረጡ። እንዲያ ካልሆነ ማዕዘኑ ክብ ሆኖ ይወጣል።

አክስቴ የእናቷ ነጠላ ጥለት የተሰፋበት ምንጣፍ ሲደርሳት ቡናው እስኪፈላ ድረስ እጇን ከላዩ አላነሳችም። እንዲህ ያለ ስጦታ ከሱቅ አይገኝም። ስለዚህ ያረጀ የእናት ነጠላ ካላችሁ ለማን እንደሚገባ አስቡበት።

ከቁርጥራጭ ጨርቅ የድስት መያዣ

ልብስ ሰፊ ጋ ሄዳችሁ ቁርጥራጭ ብትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይሰጧችኋል። ችግሩ ቁርጥራጩ የምን ጨርቅ እንደሆነ አለማወቅ ነው። ለድስት መያዣ ጥጥ ብቻ ነው የሚሆነው። ፖሊስተር በትኩስ ድስት ይቀልጣል፣ እጅም ላይ ይጣበቃል። ለመለየት ከጨርቁ ጥቂት ክር ምዘዙና ሳህን ላይ ለኩሱት። ይህን አዋቂ ይሥራው። ጥጥ ሲቃጠል የወረቀት ሽታ አለው፤ አመዱም በጣት ይደቃል። ፖሊስተር ግን ይሸበሸብና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል።

20 በ20 ሴንቲ ሁለት ጨርቅ ቁረጡ። መሃሉን ያረጀ ጋቢ በሁለት ድርብ ሙሉት። ሙቀት ለመከላከል ከጋቢ የተሻለ ነገር አላየሁም። ሦስቱንም በሰያፍ መስመሮች አንድ ላይ ስፏቸው፤ ሲታጠብ ውስጡ እንዳይሰበሰብ።

ለጠርዙ 5 ሴንቲ ወርድ ያለው ጥብጣብ በሰያፍ ቁረጡ። ቀጥ ተብሎ የተቆረጠ ጥብጣብ ማዕዘን ላይ ይሸበሸባል፤ የሰያፉ ግን ይለጠጣል፣ ታዞ ይዞራል። ጥብጣቡን ለአራት አጥፋችሁ ዳሩን በውስጡ አቅፋችሁ ስፉት። ለማንጠልጠያ አንዱ ማዕዘን ላይ ቀለበት አድርጉለት።

ልጆች የሚሠሩት

ለእንቁጣጣሽ ልጆች አበባ ስለው ለጎረቤት ይሰጣሉ። ሥዕሉ ይቅር አልልም፤ ደስ ይላል። ከዚያ ላይ ግን የደረቀ አደይ አበባ መጨመር ይቻላል። አደዩ እንደመጣ፣ ሳይጠወልግ፣ ጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። የአደይ መሃሉ ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። ሀዋሳ ላይ ክረምቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ደግሞ አየሩ እርጥብ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ። ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ለዘንድሮ እንቁጣጣሽ ስለማይደርስ፣ በዚህ መስከረም የደረቀው ለገናና ለመጪው ዓመት ካርድ ይሆናል።

ወፍራም ወረቀት ለሁለት እጠፉ። ኮላ በክብሪት እንጨት ጫፍ ነክታችሁ አበባው ጀርባ ላይ በነጥብ በነጥብ አድርጉ። ሙሉውን ከቀባችሁት ወረቀቱ ይሸበሸባል። ከበድ ያለ ነገር ጭናችሁ አሳድሩት። ቢጫው እንዳይደበዝዝ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቁት።

በሀይላንድ የሚሠሩ የአበባ ማስቀመጫዎችን ብዙም አልወዳቸውም፤ ፀሐይ ላይ ሲቆዩ ይደርቁና ይሰነጠቃሉ። ልጆቻችሁ ግን መሥራታቸው አይቀርም። ስለዚህ የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይቆርጣቸው ካውያውን መካከለኛ ሙቀት ላይ አድርጋችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ጠርዙን ለአፍታ ብቻ ፊቱ ላይ አሳርፉት። ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ይህም የእናንተ ሥራ ነው እንጂ የልጆቹ አይደለም። የወተት ጣሳም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ስለታሙን ከንፈር በፒንሳ አጥፋችሁ ጨፍልቁት፣ ከዚያ የተረፈውን የቃጫ ጉንጉን በኮላ ዙሩበት።

ጊዜ ላጠረው ደግሞ የማርማላታ ብርጭቆ አለ። ወረቀቱ እንዲለቅ ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት፤ የቀረውን ሙጫ በዘይትና በቤኪንግ ሶዳ እሹት። በደንብ አጥባችሁ አድርቁ። ሚጥሚጣ ወይም ሽሮ ሙሉበት፣ ክዳኑን በክብ ጨርቅ ሸፍናችሁ በሲባጎ እሰሩት። የጨርቁን ዙሪያ አጥፋችሁ መስፋቱን ግን አትዝለሉ።

ሁሉንም በተራ ወረቀት ጠቅልላችሁ በሲባጎ አስሩ። ከሲባጎው ላይ ትንሽ ካርድ አንጠልጥሉና አያያዙን ጻፉበት። የቃጫው ማስቀመጫ አይዘፈዘፍም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ነፋስ ባለበት ይደርቃል። የረከቦቱ ምንጣፍ በቀዝቃዛ ውኃ ብቻውን ይታጠባል፤ አይጨመቅም። የድስት መያዣው ግን እንደ ልብ ይታጠባል፤ እርጥብ ሆኖ ትኩስ ድስት እንዳይያዝበት ብቻ። ውኃ የነካው ጨርቅ ሙቀቱን በፍጥነት ስለሚያሳልፍ እጅ ያቃጥላል።