ሪዱስ ስትጽፉ መነሻ እሴቱን አትዝለሉ

በጃቫስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋ ሪዱስ የአሬይን (የእሴቶች ዝርዝርን) አባላት ከመነሻ እሴት ጀምሮ እያጣመረ ወደ አንድ ውጤት ያመጣል። ባዶ አሬይ ይዛችሁ ሪዱስን ያለ መነሻ እሴት ከጠራችሁት ግን ኮዱ ታይፕ ኤረር በሚባል ስህተት ይቆማል። ታዲያ መነሻው ምን ይሁን? እዚህ ላይ ሞኖይድ የሚባለው ሐሳብ ይደርስላችኋል። ስሙ አያስፈራችሁ፤ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ቅንፉ የትም ቢገባ ውጤቱ የማይቀየር ማጣመሪያ። ሁለተኛ፣ ሲጣመር ምንም የማይለውጥ እሴት፦ ለመደመር 0፣ ለማባዛት 1፣ ጽሑፍ ለመቀጠል ባዶ ጽሑፍ። መነሻችሁ ይኸው ነው። አሬዩ ባዶ ሲሆንም መልሱ እሱው ይሆናል።

የቅንፉ ነገር ደግሞ ዳታው ሲበዛ ይጠቅማል። አሬዩን ከፋፍላችሁ፣ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ደምራችሁ፣ በመጨረሻ ድምሮቹን መደመር ትችላላችሁ። በመቀነስ ግን አይሞከርም! ከ10 ላይ 3፣ ከዚያ 2 ብትቀንሱ 5 ይቀራል። መጀመሪያ ከ3 ላይ 2 ቀንሳችሁ ውጤቱን ከ10 ላይ ብታነሱ ግን 9።

ማፕ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱን አባል በሰጣችሁት ፈንክሽን ለውጦ አዲስ አሬይ ይመልሳል (አሬይን ፈንክተር፣ ማለትም ቅርጹ ሳይቀየር በውስጡ ያለው የሚለወጥ ነገር፣ የሚያሰኘው እሱ ነው)። ሁለት ማፕ ከተከታተሉ ፈንክሽኖቹን አጣምራችሁ በአንዱ ጨርሱት። ውጭ ያለ ነገር እስካልነኩ ድረስ ውጤቱ ያው ነው።

ማጣራትና መለወጥ አንድ ላይ ሲያስፈልግ እኔ የምመርጠው ፍላትማፕን ነው፤ ለእያንዳንዱ አባል የተመለሱትን አሬዮች አገናኝቶ አንድ አሬይ ያደርጋቸዋል። ለሚጣለው ባዶ አሬይ፣ ለሚቀረው አንድ አባል ያለው አሬይ መመለስ ብቻ ነው።