ሐኪም ቤቱን ለልጅዎ እንዴት ቤት ማድረግ ይቻላል

አንድ ልጅ በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አስሎት ወደ ሦስት የተለያዩ ሐኪሞች ቢወሰድ፣ ሦስቱም ደረቱን አዳምጠው ጉንፋን ነው ብለው ሊሸኙት ይችላሉ። ሦስቱንም ጊዜ ያየው አንድ ሐኪም ቢኖር ግን ሳሉ ሌሊት ሌሊት እንደሚብስ፣ ሲሮጥ ትንፋሽ እንደሚያጥረው፣ እናቱም በልጅነቷ አስም እንደነበረባት አገናኝቶ ሌላ ጥያቄ ያነሣ ነበር። በሽታው የተደበቀው በሦስቱ ጉብኝቶች መካከል ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለዚህ ችግር «medical home» (የሕክምና ቤት) የሚል ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1967 አንሥቶ ነበር። ያኔ የታሰበው የልጁ የሕክምና መረጃ ሁሉ የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ኋላ ሐሳቡ ሰፋ፤ ቀጣይነት ያለው፣ የተቀናጀና ቤተሰቡን ማእከል ያደረገ ክትትል ማለት ሆነ። በአማርኛ ሐኪም ቤት እንላለን፤ ቤት የሚያደርገው ግን ልጁን የሚያውቅ ሰው መኖሩ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ይምረጡ። ስመ ጥር ከሆነውና ለማግኘት ወራት ከሚያስጠብቀው ስፔሻሊስት ይልቅ፣ በቅርብ የሚገኝና ልጅዎን ደጋግሞ የሚያይ ጠቅላላ ሐኪም ወይም ነርስ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከመወሰንዎ በፊት ይጠይቁ፦ ልጄን ዘወትር የሚያየው ማን ነው? እርሱ በሌለበት ቀን የሚተካው ሰው ካርዱን ያነባል? ከሥራ ሰዓት ውጭ ለማን ልደውል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ፊት የሚያዞር ተቋም በጭንቅ ሌሊት አያስታውስዎትም።

ቀጥሎ ልጁ ደኅና እያለ ይውሰዱት። ይህን ብዙ ወላጅ ይዘለዋል። የአንድ ቀን ክብደት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በእድገት ሰንጠረዡ ላይ በየወሩ የተያያዘው መስመር ግን መቼ እንደቆመ፣ መቼ እንደወረደ ያሳያል። አካዳሚው የልጆች የአእምሮና የእንቅስቃሴ እድገት በ9፣ በ18 እና በ30 ወር በመጠይቅ እንዲመረመር፣ ለኦቲዝም ደግሞ በ18 እና በ24 ወር ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ይመክራል። ክትባትም ልጁ ደኅና እያለ በሚወሰድባቸው ቀጠሮዎች ይሟላል።

አንድ ገጽ ማጠቃለያ ያዘጋጁ። የትውልድ ቀን፣ የመጨረሻው ክብደት፣ አለርጂ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከነመጠናቸው፣ የቆየ ሕመምና ቀዶ ሕክምና ይስፈሩበት። የልጅ መድኃኒት በአብዛኛው የሚታዘዘው በክብደት ስለሆነ ክብደቱን በየጊዜው ያድሱ። አንድ ቅጂ ቤት፣ አንዱ ልጁን በሚጠብቀው ሰው እጅ ይሁን።

ከሁሉ የሚከብደው መነጋገሩ ነው። ከቀጠሮው በፊት ባለው ምሽት በጣም የሚያሳስብዎትን ጥያቄ ጽፈው ይያዙ፤ ክፍሉ እንደገቡም አስቀድመው ያንሡት፣ በር ላይ ሲደርሱ የሚነሣ ጥያቄ መልስ አያገኝምና። ሐኪሙ ከገለጸ በኋላ «እንደገባኝ ከሆነ ጠዋትና ማታ ለአምስት ቀን ነው የምሰጠው» ብለው በራስዎ ቃል መልሰው ይንገሩት። የማይችሉትንም አይደብቁ። ቀን ሥራ የሚውል ወላጅ በቀን አራት ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ሲታዘዝለት «እሺ» ብሎ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ ልጁ ሳይሻለው ሲመለስ ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ወደሚበረታ ሌላ ይሸጋገራል። «አራት ጊዜ አልችልም፣ ሌላ አማራጭ አለ?» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሐኪሙ በሽታውን ያውቃል፤ ልጁ እንዴት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚያስፈራው የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ሕክምናው ከሁለቱ እውቀት ነው የሚወጣው።

ሪፈር ሲጻፍ ወረቀቱ ላይ ከሕመሙ ስም በተጨማሪ ስፔሻሊስቱ እንዲመልሰው የተፈለገው ጥያቄ እንዲሰፍር ይጠይቁ። የምላሹን ደብዳቤም ራስዎ ወደ መጀመሪያው ሐኪም ይውሰዱ። በብዙ ቦታ መረጃ የሚጠፋው እዚህ መንገድ ላይ ነው። በተለይ የልብ፣ የሚጥል ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ልጅ ሁለት ሦስት ስፔሻሊስት ስለሚያየው፣ አንዱ ያዘዘውን ሌላው የሚያይበት ቦታ ከሌለ መድኃኒቶቹ ሊጋጩ ይችላሉ።

ቋሚ ሐኪም አለኝ ብለው ግን የማይጠብቁባቸው ሁኔታዎች አሉ። ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ከከበደው፣ ደግሞም ዕድሜው ከ3 ወር በታች ሆኖ ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በአቅራቢያ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ማጠቃለያውን ገጽ ይዘው ይሂዱ፤ ቋሚው ሐኪም በማግስቱ ይነገረዋል።

ልጁ 12 ዓመት ገደማ ሲሆን ሐኪሙ «ምን ያምሃል?» ሲለው እርስዎ ቀድመው አይመልሱ። ጥቂት ደቂቃም ብቻቸውን እንዲነጋገሩ ወጣ ይበሉ፤ ያንን ካርድ ተቀብሎ ወደ አዋቂዎች ሐኪም የሚሄደው እርሱ ነው።